ጥያቄና መልስ፦ ጠብ እንዴት ግድያ ይሆናል?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከወትሮው ከበድ ያሉ ናቸው። ብዙዎቹ ስለ ግድያ፣ ስለ ዝርፊያ፣ ስለ ድብደባ ይጠይቃሉ። ለረጅም ጊዜ ጎጃም ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የወንጀል ጥናት አስተምራለሁ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ከመዝገብም ከመጽሐፍም ባገኘሁት እመልሳለሁ። አራቱን መርጫለሁ።

«ጋሼ፣ የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። አጎቴ በእርሻ ድንበር ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ሰው ገደለ። ዕድሜውን ሙሉ ዝምተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሰው ነበር። አሁን የአገሩ ሰው ‹ደማቸው ነው፣ አያታቸውም ሸፍቶ ነበር› ይለናል። የአጎቴን ልጆች ትምህርት ቤት ‹የገዳይ ልጅ› ይሏቸዋል። ገዳይ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ?» — ከደብረ ማርቆስ

የለም። ይህን ከሁሉ በፊት ለአጎትህ ልጆች ንገርልኝ።

«ደማቸው ነው» የሚለው አባባል ሰፈር ውስጥ ብቻ የሚወራ አይደለም። አንድ ዘመን ሳይንስ ተብሎ ተሰብኳል። ቼዛሬ ሎምብሮሶ የሚባል ጣልያናዊ ሐኪም ቪሌላ የተባለ የካላብሪያ ወንጀለኛ የራስ ቅል መረመረ። ከኋላ በኩል፣ ከውስጥ፣ ያልተለመደ ስርጉድ አየ። ከዚያ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፉ ወንጀለኛ ሲወለድ ጀምሮ የተለየ ፍጡር ነው አለ። በመንጋጋው፣ በጆሮው፣ በግንባሩ ይታወቃል ብሎ ብዙ ሰው አሳመነ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ግን ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ እስረኞችን ለክቶ ወንጀለኛ ካልሆኑ ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አወጣ። ሎምብሮሶ ያለው ዓይነት የተለየ ፍጡር አላገኘም። ሐሳቡ በጥናት ከወደቀ መቶ ዓመት አልፎታል፤ በሰው አፍ ላይ ግን አሁንም አለ።

ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ማለቴ አይደለም። ቶሎ የሚቆጣ አለ፣ የሚታገሥ አለ። በልጅነቱ ሲደበደብ ያደገ ልጅ ካደገ በኋላ ኃይል የመጠቀም ዕድሉ ከፍ እንደሚል ጥናቶች ያሳያሉ። ግን እነዚሁ ጥናቶች እንደሚሉት አብዛኛው የተደበደበ ልጅ ደብዳቢ አይሆንም። የአያት ሽፍትነት ደግሞ በዘር የሚወርድ ነገር አይደለም።

ታዲያ ዝምተኛው አጎትህ እንዴት ገደለ? ያንተን ቤተሰብ መዝገብ አላየሁም። የድንበር ግድያ መዝገብ ግን ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሂደቱም ይመሳሰላል። የእርሻ ወራት ነው። አንዱ በማለዳ ጥማዱን ይዞ ማሳው ይደርሳል። ትናንት የነበረው የድንበር ሣር በአንድ ትልም ተገፍቷል። አንድ ትልም ስንት ነው? ከስንዝር ብዙም አያልፍም። «ለምን ገፋኸኝ?» ይላል። ሌላው «አባቴ ያረሰው ነው» ይላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የመሬት ነው። ቀበሌ ሊፈታው ይችላል፤ ድንበር የሚያውቅ ሽማግሌም ይፈታዋል።

ከዚያ አንዱ የሌላውን እናት ይሰድባል። ወይም «ወንድ ከሆንክ ና!» ይላል። ከዚህ በኋላ ስለ መሬት የሚያስብ የለም። ማዶ የሚያርሱ ሁለት ሦስት ሰዎች በሬያቸውን አቁመው ያያሉ። እነሱ ባይኖሩ አንዱ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ይሄድ ነበር ይሆናል። አሁን ግን ዞሮ መሄድ መሸነፍ ሆነበት። ነገ ጠላ ቤት ሲገባ ምን ይባላል? እልህ ይይዘዋል። እጁ ላይ ሽመል ወይም ምሳር አለ። የምስክሮቹ ቃል ሲነበብ፣ ከመጀመሪያው ስድብ እስከ መጨረሻው ምት ያለው ጊዜ ጅራፍ አንስቶ በሬ ለመንዳት ከሚፈጀው ብዙ አይበልጥም።

ይህ የጎጃም ገበሬ ጠባይ እንዳይመስልህ። ማርቪን ዎልፍጋንግ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በፊላደልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1952 የተፈጸሙ የ588 ሰዎች ግድያዎችን መዝገብ አንድ በአንድ አጥንቷል። ከሁሉ በላይ የበዛው መነሻ ተራ ጭቅጭቅ ነበር፤ ስድብ፣ መገፋፋት፣ የማይረባ ነገር። ከማያውቁት ሰው እጅ የሞቱት ከ8 አንድ ገደማ ብቻ ናቸው። ወደ ሁለት ሦስተኛ በሚጠጋው ጉዳይ ገዳዩ ወይም ሟቹ ወይም ሁለቱም ጠጥተዋል። ከአራቱ በአንዱ ገደማ መጀመሪያ ኃይል የተጠቀመው የሞተው ሰው ራሱ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ማታ ይበዛል። እዚያ ቢላ ነው፣ እዚህ ሽመል ነው። ነገሩ ግን አንድ ነው።

ዴቪድ ላከንቢል የተባለ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጥናት በአንድ የካሊፎርኒያ አካባቢ የተፈጸሙ ግድያዎችን ከስድቡ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተከታትሏል። በጠቡ ቦታ የነበሩ ሌሎች ሰዎች ብዙ ጊዜ ወይ አራግበዋል ወይ ዝም ብለዋል። ዝምታቸውም እንደ ማራገብ ሆኗል። እኔ ከዚህ ጥናት የወሰድኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ገዳይና ሟች ላይ ብቻ ስናፈጥ ሦስተኛውን ሰው እንረሳዋለን። ያ ማዶ ቆሞ የሚያየው ሰው በሬውን ጥሎ ቢሮጥ፣ መሐል ገብቶ «በማርያም!» ቢል፣ የአንዱን ክንድ ቢይዝ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሰው መገላገል ትቷል የሚሉኝ አሉ። አልቀበልም። በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕታውን ከተሞች የመንገድ ካሜራ የቀረጻቸው 219 ጠቦች ተጠንተው ነበር። ከ10ሩ በ9ኙ ቢያንስ አንድ ሰው ለመገላገል ገብቷል። እኛ ገላጋይ የሚል ስም ያለን ሕዝብ ከዚያ አናንስም።

ሕጉን በተመለከተ፣ ተማሪ ስለሆንክ አንቀጾቹን ራስህ አንብብ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግድያን በሦስት ከፍሎ ያያል። በአንቀጽ 539 ከባድ ግድያ አለ፤ አስቀድሞ የታቀደ፣ ነውረኛነት ወይም የተለየ ጨካኝነት የታየበት፣ በቡድን የተፈጸመ፣ ወይም ሌላ ወንጀል ለመሸፈን የተደረገ። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። በአንቀጽ 540 ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በአንቀጽ 541 ደግሞ ከባድ መነሳሳት ወይም የመከላከልን ልክ ማለፍ ሲኖር ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ይላል። የአጎትህ ጉዳይ በየትኛው እንደሚወድቅ የሚወስነው ያ የጠብ ሰዓት በዝርዝር እንዴት እንደተመሰከረ ነው። ማን ጀመረ? መሣሪያው ከየት መጣ? ወደ ቤት ሄዶ ነው ይዞት የተመለሰው? እነዚህን ለጠበቃችሁ ንገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ከቅጣቱ በላይ ያሳስበኛል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ደም አያደርቅም። አጎትህ 15 ዓመት ቢፈረድበት እንኳ የሟች ወንድም ደመኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለቅሶ ላይ በሙሾ «ወንድ የለህም» የሚባል ነገር ሲሰማ ደግሞ ደሙ ይፈላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግድያ የታቀደ ነው፤ ዓይነቱም ይለወጣል። ስለዚህ ዛሬውኑ የተከበሩ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት ወደ ሟች ቤተሰብ ይላኩ። ካሣ ይነገር። ይህ ክሱን አያቆመውም። ከልብ ተጸጽቶ መካስ ግን ቅጣት ሲወሰን ሊያቀል ይችላል። ከሁሉም በላይ የአጎትህ ወንድ ልጆች ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ ኋላ እያዩ እንዳይሄዱ ያደርጋል።

«ሱቅ አለኝ። ባለፈው ወር ማታ ዘግቼ ስሄድ ሁለት ጎረምሶች ጩቤ አሳይተው ስልኬንና የቀኑን ሽያጭ ወሰዱብኝ። ጣቢያ ሄጄ ስናገር ‹ስርቆት› ተብሎ ተጻፈ። ልክ ነው? ደግሞስ ለአንድ ስልክ ጩቤ ይመዘዛል?» — ከአዲስ አበባ

ልክ አይደለም። ሰውን በኃይል ወይም በማስፈራራት ንብረት መውሰድ ውንብድና ነው፤ በአንቀጽ 670። ስርቆት ሌላ ነው፣ ቅጣቱም ሌላ ነው። ተመልሰው ይሂዱና ቃልዎ ውስጥ «ጩቤ» የሚለው መግባቱን ያረጋግጡ። ምን እንዳሉዎት፣ ጩቤውን የት እንደደገኑብዎት ያስጽፉ። ሳያነቡ አይፈርሙ።

የእርስዎ ጉዳይና ከላይ ያለው የድንበር ግድያ ሁለቱም የኃይል ወንጀል ይባላሉ፤ ምክንያታቸው ግን አይገናኝም። ገበሬው ከእልህ ነው የመታው፤ ከመምታቱ ያተረፈው የለም። እነዚህ ጎረምሶች ግን አልተቆጡብዎትም። ጩቤው ዕቃ መቀበያ ነው። አስልተዋል፤ ማን ብቻውን ይሄዳል፣ መብራት የጠፋው የትኛው ቅያስ ነው፣ ማን በስንት ሰዓት ሱቅ ይዘጋል። ስሜት የወለደውን ወንጀል በገላጋይ ማብረድ ይቻላል። በስሌት የመጣውን ግን ስሌቱን ማበላሸት ነው የሚሻለው።

ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሉትን ልንገርዎት። ለእንዲህ ዓይነት ወንጀል ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታና ሰዓት መገናኘት አለባቸው፤ ለመዝረፍ የተነሳ ሰው፣ የሚዘረፍ ነገር፣ የሚጠብቅ ዓይን አለመኖር። ያቀረቡት አንድ ምሳሌ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በአሜሪካ የሲርስ መደብር የዕቃ መጽሔት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 ከነበሩት ቴሌቪዥኖች ሁሉ ቀላሉ 17 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። በ1970 ግን ቀላሉ 7 ኪሎ ገደማ ሆነ። ኑሮ ሲሻሻል ዕቃው ቀለለ፤ ሲቀልል ለሌባ ተመቸ። ዛሬ ደግሞ ኪስ የሚገባ፣ ውድ የሆነ፣ በሰዓታት ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ ሁላችንም እጃችን ላይ ይዘን እንሄዳለን። ለስልክ ጩቤ የሚመዘዘው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመዝጊያ ሰዓትዎን ይቀያይሩ። ሽያጩን በቴሌብር ወይም በባንክ የሚቀበሉበትን መንገድ ያስፉ፤ በጥሬው ይዘው አይሂዱ። ከጎን ካሉት ባለሱቆች ጋር አብራችሁ ዝጉ። የጠፋውን የመንገድ መብራት ለወረዳው ሁላችሁም ፈርማችሁ ጠይቁ። ጩቤ ከወጣ ግን ስልኩን ይስጡ። ተከትለው አይሩጡ፤ በቅጽበት የዝርፊያው ጉዳይ የግድያ ጉዳይ ሊሆን ይችላልና።

«የወንጀል ሁሉ ሥሩ ድህነት ነው እላለሁ። ይስማማሉ?» — ከሚኒያፖሊስ

በከፊል። እርስዎ ያሉበትን አገር ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ሥራ አጥነት 10 በመቶ ደርሶ ነበር። ግድያ ግን በዚያው ሰሞን ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። በዓለም ዙሪያም ሴቶች ከወንዶች ያላነሰ ድሆች ናቸው፤ በግድያ ከሚጠረጠሩት ግን 90 በመቶ ያህሉ ወንዶች ናቸው። ድህነት ከባድ ነው። ግን ብቻውን ሰው አያስገድልም። ሀብታምና ድሃ በጣም ሲራራቁ፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት የማይታመኑ ሲሆኑ፣ ወጣት ያለ ሥራ ያለ ተስፋ አንድ ቦታ ሲከማች፣ መሣሪያና መጠጥ ሲቀርብ ነው ነገሩ የሚከፋው። ቦታም ወሳኝ ነው። በእርስዎ በሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ ጥናት፣ ከከተማዋ አድራሻዎች ከመቶ 3 ያህሉ የፖሊስ ጥሪውን ግማሽ አስነስተዋል። ድሃ ሰፈር ውስጥ እንኳ አብዛኛው ቤት ሰላማዊ ነው።

መጠጡን ለምሳሌ እንውሰድ። ዲያዴማ በሳኦ ፓውሎ አጠገብ ያለች የብራዚል ከተማ ናት፤ ግድያ በዝቶባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 መጠጥ ቤቶች ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲዘጉ ደነገገች። የተከታተሉት ተመራማሪዎች በወር የሚገደለው ሰው ቁጥር በ9 ያህል እንደቀነሰ ጽፈዋል። የከተማዋ ድሃ በአንድ ሌሊት ሀብታም አልሆነም። የመጠጥ ቤቱ ሰዓት ተለወጠ እንጂ።

«ታላቅ እህቴን ባሏ ይመታታል። ሽማግሌ ተደጋግሞ ተቀምጧል፤ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ትመለሳለች። ባለፈው ሳምንት አንገቷን አነቃት። ምልክት ስለሌለው ቤተሰባችን ‹እግርና እግርም ይጋጫል› ብሎ አለፈው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።» — ከአዳማ

እህቴ፣ እንቅልፍ ያጣሽው በምክንያት ነው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ እኔም ስለ እህትሽ እያሰብኩ ነው።

በጥፊ መምታትም ወንጀል ነው። ማነቅ ግን ሌላ ደረጃ ነው። በአሜሪካ ከተሞች በባሎቻቸው ወይም በጓደኞቻቸው የተገደሉ ሴቶችን ታሪክ ያጠኑ ባለሙያዎች፣ ከዚያ በፊት ታንቃ የምታውቅ ሴት የመገደል ዕድሏ ከ7 እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝተውታል። የሚያንቅ ሰው እጁ ላይ ያለው የእሷ ትንፋሽ ነው፤ ይህንንም ለእሷ እያሳወቃት ነው። ምልክት አለመኖሩ አያጽናናችሁ። ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ ምንም አይታይም። ድምፅዋ ጎርነን ብሏል? ስትውጥ ያማታል? ዓይኗ ውስጥ ቀያይ ነጠብጣብ አለ? ያን ሰዓት ራሷን ስታለች? ከእነዚህ አንዱም ቢኖር ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሂድ። የአንገት ውስጥ ጉዳት ከቀናት በኋላም ሊገድል ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከል ቢሮ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 48,800 የሚሆኑ ሴቶችና ልጃገረዶች በባል፣ በጓደኛ ወይም በቤተሰብ አባል ተገድለዋል። ሆን ተብሎ ከተገደሉት ሴቶች ከግማሽ በላይ ናቸው። ለወንድ አደጋው ውጭ ነው፤ ለሴት ግን ብዙውን ጊዜ ቤቷ ውስጥ ነው። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናትም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ይህ እንግዲህ ደፍረው የተናገሩት ነው።

ሽማግሌዎቹን አልሰድብም። ከላይ ለደብረ ማርቆሱ ተማሪ ሽማግሌ ላክ ብያለሁ። የድንበር ጠብ ላይ ሽማግሌ ሁለት እኩል ሰዎች መሐል ይቀመጣል። እህትሽ ቤት ግን እኩል የለም። «ታረቂ» ተብላ ስትመለስ ሽማግሌው ሳያውቅ ለሚያንቀው ሰው ያግዛል። ሕጉም ራሱ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያግዝ ነበር። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር። ይህ የተሻረው በ1996ቱ ሕግ ነው። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 564 ባል በሚስቱ ላይ የሚፈጽመውን ጥቃት እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል ያስቀጣዋል። ቤተሰብሽ የግል ጉዳይ ነው ካሉ ይህን አንቀጽ አሳዪያቸው።

አሁን ማድረግ ያለባችሁን ልንገርሽ። እህትሽ ልትወጣ ከወሰነች ለእሱ አስቀድማ አትንገረው። ለሽማግሌዎቹም አትንገሩ። የመገደል አደጋው በጣም የሚበረታው ልትሄድ መሆኑን ባወቀ ሰሞን ነው። መታወቂያዋን፣ የልጆቹን የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀቷንና ትንሽ ገንዘብ አንቺ ጋ ወይም የምታምኑት ጎረቤት ጋ አስቀምጡ። ሆስፒታል ስትሄድ «ወደቅሁ» እንዳትል፤ «ባሌ አነቀኝ» ትበል፣ የሕክምና ማስረጃውም ላይ ይጻፍ። በሚቀጥለው ቀን የሚወጣ ሰማያዊ ምልክት ካለ ፎቶ አንሺው፤ ቀኑንም ጻፊ። ጎረቤቷን ለብቻ አናግሪና ጩኸት ከሰማች በር እንድታንኳኳ፣ 991 እንድትደውል ተስማሙ። በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው መኖሩ ብቻ እጁን ሊያስለቅቀው ይችላል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ ለተጠቁ ሴቶች ማረፊያ ቤት የሚሰጡ ማኅበራትም አሉ፣ የት እንዳሉ እዚያው ጠይቁ። አዲስ አበባ መምጣት ከቻላችሁ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም፣ ፖሊሱንም፣ ዐቃቤ ሕጉንም አንድ ቦታ የምታገኙበት ማዕከል አለው። ደብዳቤሽ ላይ አድራሻ አልጻፍሽም፤ ለዝግጅት ክፍሉ አሳውቂን፣ ለብቻሽ እጽፍልሻለሁ።